«ቱቦ ይቅር፣ ማስክ ይግባ» ላሉን ጸሐፊ

ሰሞኑን በድሬዳዋ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው አባታቸውን በከባድ የሳንባ ምች ያጡ ሰው ናቸው። አባታቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው፣ በአፋቸው ቱቦ ተከቶላቸው ቬንቲሌተር በሚባለው የመተንፈሻ ማሽን ሲተነፍሱ ቆይተው በአምስተኛው ቀን አረፉ። ጸሐፊው ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሁሉ አንብበው ወደ አንድ መደምደሚያ ደርሰዋል፤ ገዳዩ ቱቦው ነው። መፍትሔውም ያለ ቱቦ፣ ፊት ላይ በሚታሰር ማስክ ወይም በአፍንጫ በሚገባ ከፍተኛ ፍሰት ያለው ኦክስጅን መተንፈስ ነው። ስለዚህ አገር ውስጥም ውጭም ያለን የድሬ ልጆች አዋጥተን ሃያ ማሽን እንግዛ ይላሉ።

አባትዎን ነፍስ ይማር። እኔ በዚሁ ከተማ በጽኑ ሕሙማን ክፍል 11 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። በሐዘን ላይ ካለ ሰው ጋር ሙግት መግጠም ነውር ስለሆነ ዝም ልል ነበር። ዝም እንዳልል ያደረገኝ በተረኝነት ባደርኩበት አንድ ሌሊት አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ጽሑፍዎን ስላሳየኝ ነው። እናቱ ቱቦ ያስፈልጋቸው ነበር፤ እሱ ግን የፈቃዱን ወረቀት አልፈርምም አለ። ወደ እሳቸው ኋላ እመለሳለሁ። (ፊት ለፊት ብንገናኝ እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» ብዬ እገላገል ነበር። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን እጄ «እርስዎ» ይጽፋል፤ ይታገሡኝ።)

በመጀመሪያ ትክክል የተናገሩትን ላንሳ። «በቀጭኗ የአፍንጫ ቱቦና በቬንቲሌተር መካከል ያለው ደረጃ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ባዶ ነው» ብለዋል። እውነት ነው። በሽተኛው በአፍንጫው በደቂቃ እስከ 5 ሊትር ኦክስጅን ይጀምራል፤ ሲብስበት ከረጢት ያለው ማስክ ይደረግለትና እስከ 15 ሊትር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ቱቦ ነው፤ ያውም ባዶ ቬንቲሌተር ከተገኘ። በመሃል ሊኖር የሚገባው መወጣጫ የሌለበት ፎቅ ማለት ነው። መወጣጫው ይሠራ ማለትዎን እደግፋለሁ። ልዩነታችን የሚጀምረው መወጣጫው ከተሠራ ወዲያ ፎቁ አያስፈልግም ሲሉ ነው።

ሌላው፣ ጽሑፍዎ «ማስክ» እያለ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው በአፍንጫ የሚሰጥ፣ የሞቀና የረጠበ፣ በደቂቃ እስከ 60 ሊትር የሚደርስ ፍሰት ነው። ሁለተኛው ሲፓፕ ነው፤ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ በሚገጥም ማስክ አንድ ወጥ ግፊት ይሰጣል። የሳንባ ምች የያዘው ሳንባ ውስጡ እንደ ረጠበ ፌስታል እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ይህ ግፊት የሳንባው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ትንፋሽ በወጣ ቁጥር እንዳይከደኑ ይደግፋቸዋል። ሦስተኛው ባይፓፕ ሲሆን ሰውየው አየር ሲስብ ተጨማሪ ግፊት ይጨምርለታል። ሦስቱ እኩል አይደሉም፤ ከታች እንደምናየው ለሳንባ ምች ሲሆን ልዩነታቸው የሞትና የሕይወት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጽሑፉ ምሰሶ ልግባ። «ቱቦ ከገባላቸው አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ማስክ ከተደረገላቸው ብዙዎቹ ወጥተዋል። ሌላ ምን ማስረጃ ያሻል?» ብለዋል። ሌላ ማስረጃማ ያሻል። ቱቦ የሚገባለት ማስክ ያልበቃው፣ የደም ግፊቱ የወረደ፣ ወይም ራሱን መሳት የጀመረ ሰው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሌሊት ከተማው ውስጥ የገባበትን ቀን ያስታውሳሉ። በዚያች ሌሊት በእግሩ ሮጦ ያመለጠው ከውኃ መሃል በገመድ ከተጎተተው ይልቅ የመትረፍ ዕድል ነበረው። ታዲያ ገመዱ ነው ሰው የጨረሰው እንበል?

ቱቦ ያለ ጉዳት ነው አላልኩም። ለማስገባት ማደንዘዣ ይሰጣል፤ ማደንዘዣው የደም ግፊትን ይጥላል። ቱቦው ራሱ ሌላ የሳንባ ምች ይጠራል። ቀናት ሲረዝሙ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ከማሽኑ መላቀቅም ሌላ ትግል ነው። በዚህ ምክንያት ሊቀር የሚችል ቱቦ መቅረት አለበት። የማይቀር ከሆነ ግን መዘግየቱ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች በአፍንጫ ከፍተኛ ፍሰት ተሞክሮላቸው አልበቃ ያላቸውን 175 በሽተኞች መዝገብ አገላብጠው ነበር። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ቱቦ ከገባላቸው 39 በመቶ ያህሉ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሞቱ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ከገባላቸው ደግሞ 67 በመቶ ያህሉ። ጥናቱ የኋላ መዝገብ ምርመራ ነው፤ በዕጣ የተመደበ ስላልሆነ የመጨረሻ ቃል አላደርገውም። ነገሩ ግን በዓይን ከምናየው ጋር ይገጥማል። በኃይል እየተነፈሰ አየር የሚስብ ሰው በየትንፋሹ የታመመ ሳንባውን ይዘረጥጠዋል። ሳንባው በራሱ ጉልበት እየተጎዳ፣ «ገና ይችላል» እያልን እናየዋለን። ልቡ ሲደክም ቱቦ እናስገባለን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቀጥሎ «የእንግሊዝ ጥናት ሲፓፕ ከሞት እንደሚያድን አረጋገጠ» ብለዋል። ጥናቱን አውቀዋለሁ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ፤ 1,273 አዋቂዎችን ይዟል። ሁሉም የኮቪድ በሽተኞች ነበሩ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ቱቦ የገባላቸው ወይም የሞቱት አንድ ላይ ሲደመሩ፣ በሲፓፕ 36.3 በመቶ፣ በተለመደው ኦክስጅን 44.4 በመቶ ሆነ። መልካም ውጤት ነው። እርስዎ የዘለሉት ግን ከሥሩ ያለውን ነው። ልዩነቱ የመጣው በዋናነት ቱቦ የሚገባላቸው ሰዎች ቁጥር በመቀነሱ ነው፤ ሞት ብቻውን ሲታይ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው የተለየ አልነበረም። በዚያው ጥናት የአፍንጫው ከፍተኛ ፍሰት ከተለመደው ኦክስጅን ምንም ያህል አልተሻለም። ጥናቱም የታቀደለትን ያህል ሰው ሳያስገባ ቀድሞ ተቋርጧል።

እርስዎ ያላነሱት ሌላ ጥናት አለ፤ የእርስዎንና የእኔን በሽተኛ ይበልጥ የሚመስለው እሱ ነው። በፈረንሳይና በቤልጂየም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፤ ከኮቪድ በፊት መሆኑ ነው። 310 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ፤ አብዛኞቹ የሳንባ ምች ያለባቸው ነበሩ። በዘጠና ቀን ውስጥ የሞቱት በአፍንጫ ከፍተኛ ፍሰት 12 በመቶ፣ በተለመደው የኦክስጅን ማስክ 23 በመቶ፣ በባይፓፕ ዓይነቱ ማስክ ደግሞ 28 በመቶ ናቸው። ልብ ይበሉ፤ ብዙ የሞተበት ጽሑፍዎ «የተሻለው» ብሎ ያስቀመጠው ማሽን ነው። ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። የታመመው ሰው ራሱ በኃይል ይስባል፤ ማሽኑ ከላይ ይገፋል፤ ሁለቱ ተደምረው ከሳንባው አቅም በላይ አየር ይጨምራሉ። ሰውየውም ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ ስላማረ ብቻ የተሻለው ይመስለናል።

ታዲያ ባይፓፕ ዋጋ የለውም? አለው፤ ቦታው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ፣ በ85 በሽተኞች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ሕመም ተነስቶባቸው በተቃጠለ አየር የታፈኑ ሰዎች በማስክ ሲረዱ ቱቦ ያስፈለጋቸው 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ያለ ማስክ 74 በመቶ። ዕድሜያቸውን በእንጨት ጭስ ማድቤት ያሳለፉ እናቶችና የቆዩ አጫሾች ሲመጡ ባይፓፑን ሮጬ የማመጣው እኔው ነኝ። በልብ ድካም ሳንባቸው ውኃ ለሞላም እንዲሁ። እርስዎ የእነዚህን ድል ወስደው ለሳንባ ምች አለበሱት። (በነገራችን ላይ «የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው አዲስ ቴክኖሎጂ» ያሉትም አይደለም። ፖልተን የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1936 የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሞተር ገልብጦ ውኃ ለሞላው ሳንባ ግፊት ሰጥቶበታል።)

«ማሽኑ ትንሽ ነው፤ ሶኬት ላይ ሰክቶ ማስነሳት ብቻ ነው» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሃያ ማሽን ገዝተው ቢልኩልን የሚያስለቅሰን ይህ ነውና።

ማሽኑ ኦክስጅን አይሠራም፤ ይበላል። የተለመደው ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። ከረጢት ባለው ማስክ በደቂቃ 15 ሊትር ለሚወስድ ሰው ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያገለግላል። በአፍንጫ ከፍተኛ ፍሰት 60 ሊትር፣ ሙሉ በሙሉ ኦክስጅን ለሚሰጠው ሰው ግን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። ኦክስጅኑን ከአየር ጋር ቀላቅለን ወደ 60 በመቶ ብናወርደው እንኳን በደቂቃ 30 ሊትር ገደማ ንጹሕ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። አሁን በሃያ ማሽን ያባዙት፦ በሰዓት ስድስት ሲሊንደር፣ በቀን 144። ማን ሞልቶ፣ ማን አጓጉዞ፣ ማን ከፍሎ?

ሌሊት ሲሊንደር ሲቀየር አይተው ከሆነ የምለው ይገባዎታል። የጥበቃው ሠራተኛ ብረቱን በአንድ ጠርዙ አዘንብሎ፣ እንደ በርሜል እያሽከረከረ በኮሪደሩ ያመጣዋል፤ የሲሚንቶው ወለል ላይ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ቁልፉ ይፈለጋል። ቁልፉ ሁልጊዜ ሌላ ክፍል ነው። አሮጌው ሬጉሌተር ሲፈታ ፊሽ ይላል፤ አዲሱ ሲገጠም ጎማው ያረጀ ከሆነ ያፈሳል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይገጠማል። ይህ ሁሉ ሲሆን በሽተኛው እየጠበቀ ነው። ኦክስጅን በግድግዳ ቧንቧ የሚመጣባቸው ክፍሎች ከዚህ ተገላግለዋል፤ ሃያ ከፍተኛ ፍሰት በአንድ ጊዜ ሲከፈት ግን የቧንቧውም ግፊት ይወርዳል።

«ኮንሰንትሬተር አለ» ይሉኝ ይሆናል። አለ፤ እጅግም ጠቃሚ ነው። የአብዛኛው አቅም በደቂቃ 5 ወይም 10 ሊትር ነው፤ ከአየር ናይትሮጅኑን አጥልሎ ኦክስጅኑን ያወጣል። ድሬ ላይ ግን ሚያዝያና ግንቦት ሲጋግሩ ማሽኑም እንደኛ ያልበዋል፤ ሙቀቱ ሲበዛ የሚያወጣው ኦክስጅን ንጽሕናው ይወርዳል። አቧራው ደግሞ ማጥለያውን ይደፍነዋል። ማጥለያውን በየሳምንቱ አውጥቶ የሚያጥብ ሰው ከሌለ መብራቱ አረንጓዴ እየበራ የሚሰጠው ተራ አየር ይሆናል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችው ደቂቃም አለች፤ ለዚህም ነው ትርፍ ሲሊንደርና በእጅ የሚጨመቀው የመተንፈሻ ከረጢት፣ አምቡ፣ ከአልጋው ራስጌ የማይጠፋው።

ሌላም የረሱት ነገር አለ፤ ሽቅብ መሄዱን። ድሬ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመሃል ግን ደንገጎን ወጥተው ሐረማያ ሲደርሱ 2,000 ሜትር ላይ ነዎት። ድሬ ላይ ወደ ሳንባ የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊቱ 130 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ ሐረማያ ላይ 115 ገደማ ይሆናል። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ መኪናው ውስጥ ጫት ይዞ እየተጫወተ ያልፈዋል። ሳንባው ግማሹ ለተደፈነ ሰው ግን ያቺ ልዩነት ትታያለች። ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ 92 እያሳየ ከድሬ የተነሳ በሽተኛ፣ ዳገቱ ላይ ቁጥሩ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ሲሊንደሩም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። «ማሽኑን አምቡላንስ ላይ ሰክቶ ወደ ሐረር መላክ» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፍ ሰው ይህን መንገድ ከበሽተኛ ጋር አልሄደበትም።

አሁን ልቤ ላይ ወዳለው ነጥብ ደረስኩ። «አስታማሚም ቢሆን ሊከታተለው ይችላል፤ ጣት ላይ ያለው መለኪያ ከ90 በላይ እስካሳየ ድረስ በሽተኛው ደህና ነው» ብለዋል። በጽሑፉ ውስጥ በጣም አደገኛው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

ሁለት በሽተኞችን ልንገርዎት፤ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ። አንዱ የድሬና የሐረር መንገድ ሾፌር ነው። ትኩሳትና ሳል ይዞት አራት ቀን «ድካም ነው» እያለ ሲነዳ ከርሞ፣ በአምስተኛው ቀን ደረጃ መውጣት አቅቶት መጣ። በአፍንጫ ከፍተኛ ፍሰት፣ በ60 በመቶ ኦክስጅን ጀመርነው። ጣቱ ላይ 94 ይላል። ትንፋሹን ስቆጥር በደቂቃ 38 ነው፤ የጤነኛ አዋቂ ከ12 እስከ 20 መሆኑን አይርሱ። አንገቱ ሥር ያሉት ጡንቻዎች በየትንፋሹ ይገተራሉ። ውኃ ሲጠይቀኝ «ውኃ» ብሎ አርፎ «ስጪኝ» ይላል። ሁለቱን ቃል በአንድ ትንፋሽ ማለት አልቻለም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቱ ያው 94 ነው። ኦክስጅኑን ግን ወደ 50 በመቶ አውርደነዋል፤ ትንፋሹ 28 ሆኗል። አንገቱ ረግቷል። ሚስቱን «መኪናዋን የት አቆምሻት?» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ጠየቃት፤ እሷም መንዳት የማትችል መሆኗን አስታውሳው ሳቀች። ያን ሰው ያለ ቱቦ አወጣነው። እንግዲህ ይህ የእርስዎ ማስክ ያመጣው ድል ነው፤ አልክደውም።

ሁለተኛዋ በመግቢያዬ ያነሳኋቸው እናት ናቸው። እሳቸውም በአፍንጫ ከፍተኛ ፍሰት ላይ ነበሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣታቸው ላይ ያለው ቁጥር 94 ነው፤ ከሾፌሩ አንዲት አይጎድልም። ልጃቸው ቁጥሩን በጣቱ እየጠቆመ «ይኸው! ደህና ናት!» አለኝ። ኦክስጅኑ ግን 80 በመቶ ደርሷል። ትንፋሻቸው 42 ነው። አፍንጫቸው በየትንፋሹ ይነፋል፣ ሆዳቸውና ደረታቸው በተቃራኒ ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። «እማማ» ስላቸው ዓይናቸውን ከፈት አድርገው መለሱት።

የስፔን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2019 በሳንባ ምች በሽተኞች ላይ ፈትነው ያወጡት አንዲት ስሌት አለች፤ ሮክስ ይሏታል። የጣቱን ቁጥር ለሚሰጠው ኦክስጅን ያካፍሉ፤ 60 በመቶ ከሆነ ለ0.6 ማለት ነው። የተገኘውን ደግሞ ለትንፋሹ ቁጥር ያካፍሉ። ውጤቱ 4.88ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ቱቦ ሳያስፈልገው የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። በሁለተኛው ሰዓት ከ2.85 በታች ከሆነ ግን እየከሸፈ ነው። ሾፌሩ ሲጀምር 4.1 ነበር፤ በሁለተኛው ሰዓት 6.7 ሆነ። እናትየው በሁለተኛው ሰዓት 2.8። ጣታቸው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ ሕመማቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ያንን የለየው መለኪያው አይደለም፤ አልጋው ጠርዝ ተቀምጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ የቆጠረ ሰው ነው።

ተረኛው ሐኪም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቱቦ ይግባ አለ። ልጁ ስልኩን አወጣ። አስረዳነው፤ ለመነው፤ አጎቱን ደወልንለት። የፈረመው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ነው፤ ያኔ እናቱ ለስማቸው መመለስ አቁመው ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ቀደም ብለን ብናስገባ ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም፤ ሕመማቸው ከባድ ነበር። ልጁንም አልወቅስም፤ እናቱን ሊያድን ነው የታገለኝ። አራት ሰዓት ግን በእጃችን ነበረ፤ እሱ ያንን አራት ሰዓት ጽሑፍዎን ሲያነብልኝ አሳለፈው።

«ለአዋቂ ያልኩት ትክክል ካልሆነ፣ ሕፃናቱን በሲፓፕ እያዳኑ አይደል?» የሚለው መልስዎ ከወዲሁ ይሰማኛል፤ ጽሑፉም ባንግላዴሽን ጠቅሷል። ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው የዳካ ጥናት በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በሚሠራው ርካሽ ሲፓፕ የታከሙ ሕፃናት ሞት 4 በመቶ፣ በተለመደው ኦክስጅን 15 በመቶ ነበር። የማላዊን ግን አልጠቀሱም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት በማላዊ በአንድ የወረዳ ሆስፒታል 644 ሕፃናት ላይ ተሞከረ፤ ሐኪም በየቀኑ የማይጎበኘው ተራ ክፍል ነበር። በሲፓፕ የሞቱት 17 በመቶ፣ በተራ ኦክስጅን 11 በመቶ። የዳካው በሠለጠኑ ሐኪሞች ዓይን ሥር የተሠራ ነው። በጽሑፍዎ «አስታማሚም ይበቃል» ላሉት የትኛው ይቀርባል?

«ማስኩን እየነቀለ የሚያስቸግር በሽተኛ ይታሰር ወይም ማስታገሻ ይወጋ» ያሉትንም ዝም ብዬ አላልፍም። ታፍኖ የሚታገል ሰው እልኸኛ አይደለም፤ አንጎሉ ኦክስጅን አጥቶ ወይም የተቃጠለ አየር በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ማስታገሻ ወግቶ ዝም ማሰኘት እሳቱ እየነደደ የማስጠንቀቂያውን ደወል ማጥፋት ነው። እጁ የታሰረ ሰው ደግሞ ቢያስመልሰው ማስኩን ማንሳት አይችልም፤ ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል።

እንዴት እንደሚደረግ ልንገርዎት። ማስኩን መጀመሪያ ቀበቶውን ሳናስር በእጃችን እንይዛለን፤ ከተቻለ እሱ ራሱ እንዲይዘው። ግፊቱ ከዝቅተኛው ይጀምራል። በጆሮው አጠገብ ሆኜ «አይዞህ አባ፣ ቀስ ብለህ ሳብ፣ አሁን አስወጣ» እላለሁ። ድሬ ላይ አማርኛ ብቻ አይበቃም፤ ለአንዱ ትንፋሽ፣ ለአንዱ ሀፉራ፣ ለሌላው ኔፍ ነው፤ ሦስቱንም የማታውቅ ነርስ ይህን ሥራ ግማሹን ነው የምትሠራው። አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ያንን ጊዜ የሚሰጥ እጅ ካለ ብዙዎቹ ይረጋሉ።

ጢሙን በሂና ያቀላ አንድ አዛውንት ከሐረር መጥቶልን ነበር። ማስኩ ጢሙ ላይ ስለማይገጥም አየሩ በጎን እየሾለከ ያፏጫል፤ ማሽኑም ይጮኻል። አንዱ ባልደረባዬ መላጫ አምጥቶ ሊላጨው ቀረበ። አዛውንቱ ትንፋሽ አጥቶ እያለ እንኳን እጁን አነሳ፤ ሐጅ ያደረገበትን ጢም አላስነካም አለ። ማስኩን ትተን በአፍንጫው ከፍተኛ ፍሰት ሰጠነው፤ አላስታገለንም። እንዲህ ያለው በየትኛውም የማሽን መመሪያ ላይ አይጻፍም።

ጽሑፍዎ ስለ ማሽን ሲያወራ ምንም የማያስከፍለውን ረስቶታል። የነቃና ራሱን የሚያገላብጥ በሽተኛ በከፍተኛ ፍሰት ላይ እያለ በደረቱ እንዲተኛ ማድረግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት በስድስት አገሮች ከ1,100 በላይ የኮቪድ በሽተኞች ላይ ሲሞከር ቱቦ የገባላቸው ወይም የሞቱት ከ46 ወደ 40 በመቶ ወርደዋል። ሁለት ትራስ ነው የሚፈልገው። ዋናውን ፈውስ፣ በጊዜ የሚጀመረውን አንቲባዮቲክም በአንድ ቃል አላነሱትም። ማሽኑ ሳንባ ምችን አያክምም፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ሰውየውን ያቆየዋል።

ገንዘብ ማሰባሰቡን አያቁሙ። ዝርዝሩን ግን ይቀይሩልን። ሃያ ማሽን አይላኩ፤ ሦስት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱም የሁለት ዓመት ማጥለያ፣ የሞቀውን አየር የሚወስዱ ትርፍ ቱቦዎችና ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ማስክ ይኑረው። ሁሉንም ትልቅ አድርገው የላኩልን በጎ አድራጊዎች ነበሩ፤ ማስኮቹ አሁንም ካርቶናቸው ውስጥ ናቸው። በቀረው ሲሊንደር፣ ሬጉሌተር፣ ለእያንዳንዱ ሬጉሌተር የራሱ ቁልፍ፣ የጣት መለኪያ። ከሁሉ በላይ ሌሊት ሌሊት ሌላ ሥራ የሌላት፣ እነዚያን ሦስት አልጋዎች ብቻ የምትጠብቅ አንዲት ነርስ የምትቀጠርበት የደመወዝ ገንዘብ።

ከፈቀዱልን ደግሞ አንድ ሌሊት አብረውን ይደሩ። ቡና እኛ እናፈላለን። ሰዓትዎን ግን ይዘው ይምጡ፤ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ይሁን፤ የክፍላችን የግድግዳ ሰዓት ባትሪው ካለቀ ቆይቷል።